ባለ ሁለት ኢንች ቧንቧና የቀበሌ ሳሙና

ናዝሬት የቧንቧ መርማሪ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ፎርማኑ ጋሽ መርጊያ አንድ ባለ ሁለት ኢንች ቧንቧ አሳይተው «ውስጡን እይ» አሉኝ። ዓይኔን ደቅኜ ሳጮልቅ ከወዲያ ጫፍ ውሃ ለቀቁብኝ።

«ምን አየህ?»

«ምንም።»

«በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው።»

እንግዲህ ለዓመታት ደመወዝ የበላሁት ምንም ባለማየቴ ነው።

ትልቅ ቧንቧ ውስጥ ሰው ይገባል፤ ሁለት ኢንች ውስጥ እጅ እንኳ አይገባም። በመስታወት ፀሐይ ብናበራበት ብርሃኑ ጎሚቶ የምንለው መታጠፊያ ጋ ይቀራል። ሽቦ ብንሰድ እዚያው ይጠመጠምና ሩቅ የሄደ ያስመስላል። ያናድዳል!

በደርግ ጊዜ፣ በደራ መውጫ ለአብዮት በዓል በጥድፊያ የተዘረጋ መስመር በተመረቀ ማግስት ውሃው ጠብ አልል አለ። የቀበሌው ሊቀመንበር «አሻጥር ነው» ብለው የቦኖ ጠባቂውን ኦቦ ቱፋን አሰሯቸው። ያ ቃል የተለጠፈበት ሰው ቤቱ ለመመለሱ ማንም ዋስ አይሆንም ነበር። የዘጋውን ነገር እንድመረምር እኔ ተላክሁ።

ሽቦዬ ከአንድ ነገር ጋር ተላተመ። ምን እንደሆነ ግን አይታወቅም። ጫፉ ላይ የለሰለሰ ሳሙና ብለጥፍ የነካውን ቅርጽ ይዞ ይመለሳል አልኩ። ሳሙና ያኔ ከቀበሌ በራሽን ነው የሚገኘው። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ሸሚዝህን ትተህ ቧንቧ ልታጥብበት ነው?» ብላ ግማሹን ቆርሳ ሰጠችኝ።

ሳሙናው የጨርቅ ሽመና ታትሞበት ወጣ።

«አላልኩም? ወትፎበታል!» አሉ ሊቀመንበሩ።

በገዛ ሳሙናዬ በሽማግሌው በኦቦ ቱፋ ላይ ላስፈርድባቸው ነው! በንዴት ሽቦውን መንጠቆ አድርጌ ስታገል አረፈድኩ። በመጨረሻ ጨርቁ ተጎትቶ ወጣ፤ ቀይ ሆኖ «ወደፊት» የሚል ቢጫ ጽሑፍ አለበት።

ያኔ ገባኝ። ቧንቧ ስንዘረጋ አቧራ እንዳይገባ አፉን በጨርቅ እንወትፋለን። መስመሩን የዘረጉት ዘማቾች በአሮጌ የመፈክር ጨርቅ ወትፈው፣ ለምረቃ ሲጣደፉ ሳያወጡት ገጥመውበታል። መጀመሪያ ውሃ ያሳልፍ ነበር፤ ኋላ ተገፍቶ ጎሚቶው ላይ ተቀረቀረ። ያጣደፏቸው ሊቀመንበሩ፣ የመፈክሩ መጋዘን ቁልፍም በሳቸው ኪስ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ከማን መጋዘን ወጣ?» አልኩ፣ ጨርቁን እያቀበልኳቸው።

ጨርቁን አገላብጠው አዩት። «ማን ማን አይቶታል?»

«እኔና ሳሙናው።»

ጨርቁን ኪሳቸው ከተቱት።

ኦቦ ቱፋ ከሰዓት ተፈቱ። በጭቃ ተለውሼ ሲያገኙኝ «አካም ጅርታ፣ እንዴት ነህ! የታሰርከውስ አንተ ትመስላለህ» አሉኝ።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። ቧንቧ ከመግጠማችሁ በፊት ወደ ሰማይ አቅንታችሁ እዩበት። ሰማዩ ካልታየ አትግጠሙ።