የብርታት ካፕሱልና የባለቤቴ ማሽላ

ቆቦ ባዮሎጂ ሳስተምር አንድ በጋ ክፉ ድካም ያዘኝ። አንድ ቀን ጠመኔ እንደያዝኩ ሰሌዳው ላይ ተደግፌ አንቀላፋሁ። ተማሪዎቼ ሥዕል የምስል መስሏቸው ደብተራቸውን ገልጠው ይጠብቁኝ ነበር።

አንድ ባልደረባዬ አዘነልኝና ከአዲስ አበባ «የብርታት ካፕሱል» አስመጣልኝ። ዕቃው ላይ የሚያገሳ አንበሳ ተስሏል። በመጀመሪያው ቀን አንዱን ውጬ ሦስት ክፍለ ጊዜ በተከታታይ አስተማርኩ፤ ሦስተኛው የእኔ እንኳ አልነበረም።

ባለቤቴ ገበያ እህል ትነግዳለች፤ ከአላህ በቀር ሳታይ የምታምነው የለም።

«ማስረጃህ የታል?» አለችኝ። «ልጆቹን ማስረጃ፣ ማስረጃ እያልክ የምታስጨንቅ አንተ አይደለህ?»

አፈርኩ። እዚያው ተቀምጠን ሙከራ ነደፍን። እሷ ካፕሱሎቹን ግማሹን ከፍታ በውስጣቸው ያለውን ደፍታ ማሽላ ዱቄት ሞላችባቸው። በየጠዋቱ ሳትነግረኝ ከሁለቱ አንዱን ትሰጠኛለች፤ የሰጠችኝንም ለብቻዋ ትጽፋለች። እኔ ማታ ማታ የዕለቱን ብርታቴን ከአሥር እመዝናለሁ።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሰነበትን። አንድ ቀን ዘጠኝ ሰጠሁ፤ ጣሪያ ላይ ወጥቼ የላላ ቆርቆሮ ስመታ ነበር የዋልኩት። ሌላ ቀን ግን ልቤ ሲደልቅ፣ እጄ ሲንቀጠቀጥ ዋለ፤ ካንድ የባጃጅ ሹፌርም ተጣላሁ። ሁለት ሰጠሁ።

ወረቀቶቹን ስናስተያይ ባለቤቴን ሳቅ አፈናት።

«ወላሂ፣ ጣሪያ ያወጣህ የእኔ ማሽላ ነው! ያጣላህ አንበሳው ነው።»

ዕቃውን ይዤ ፋርማሲ ሄድኩ። ፋርማሲስቷ የድሮ ተማሪዬ ናት፤ ድካሜንና የማሽላውን ሙከራ ስነግራት ጽሑፉን አገላብጣ አነበበች።

«መምህር፣ ዋናው ነገር ካፌይን ነው፤ ቡና ውስጥ ያለው። ለጊዜው ያነቃል። እንዲህ የሰነበተ ድካም ያድናል የሚል የሚታመን ጥናት ግን አላየሁም።»

«የእኛስ ሙከራ?»

«የተሞከረበት አንድ ሰው፤ እሱም ማሽላ የሚወድ!» ብላ ሳቀች። «ይልቅ ደምዎን ተመርምረዋል?»

አልተመረመርኩም። ስለ ቀይ የደም ሴል በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ የራሴን ማስቆጠር ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ጤና ጣቢያ ስሄድ ደሜ አንሶ ተገኘ፤ ምክንያቱም የአንጀት ትል ነበር። የትል መድኃኒትና የብረት እንክብል ሰጡኝ፤ እንደታዘዝኩት ወሰድኩ። በሁለተኛው ወር ግድም ትምህርት ቤት በእግሬ ስሄድ፣ እንደ በፊቱ ትንፋሽ አጥሮኝ መንገድ ላይ መቆም ተውኩ፤ የምቆመው ለሰላምታ ብቻ ሆነ።