እያሳሳቀ

ልጄ በከሰል ያጋለውን ምስማር ጀሪካን ላይ ሲሰካ፣ የተቃጠለው ፕላስቲክ ሽታ ልብስ የማጥብበት ድረስ መጣ። እጄ ሳሙናው ውስጥ ቀረ።

አባቴ የጣና ዳር ሰው ነበር፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቀጥሮ ደብረ ብርሃን ሲመጣ ሐይቁን አጣ። በክረምት ከሰፈራችን ጀርባ ያለው የድንጋይ ካባ ጉድጓድ በዝናብ ሲሞላ ለእኔና ለጎረቤታችን ልጅ ለተስፉ ለየራሳችን ትንሽ የመወዳደሪያ ጀልባ ይሠራልን ነበር። ገላዋ ግማሽ ጀሪካን፣ ሸራዋ የአሮጌ ጃንጥላ ጨርቅ ነው። እንዳትገለበጥ ከሆዷ ሥር ወፍራም ምስማር ያስርባታል።

«ሸራውን አትወጥሪው፤ ላላ ስታደርጊለት ነው ንፋሱ የሚይዝልሽ» ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን የተስፉ ጀልባ እየመራች ሳለ ንፋሱ ቀጥ አለና መሃል ላይ ቆመች። ተስፉ ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። ቀዝቃዛው ውሃ ጉልበቱን ሲነካው ሳቀ፤ ሆዱ ጋ ሲደርስ ባሰበት። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

«ተስፉ፣ ተመለስ!» ብሎ ጮኸ አባቴ። ጫማውን እያወለቀ ደግሞ ለራሱ፣ «ውሃ እኮ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ» አለ።

ውሃ እንዴት እንደሚያስቅ ለማየት ጠጋ አልኩ። ሳቁ ተቋረጠ። አባቴ ደጋግሞ ጠለቀ፤ ይዞ የወጣው ግን የተስፉን ሹራብ ብቻ ነበር።

ከማጥበው ልብስ ቀና ስል ልጄ የለም፤ ጀሪካኑም የለም። ከካባው በኩል የልጆች ሳቅ ይሰማል። በባዶ እግሬ እየሮጥኩ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳቃቸው እንዳይቋረጥ።