የወሰንየለሽ አውራ ጣት

ትርሲት ዘመሮ ከተማ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። ታላቅ እህቷ ወሰንየለሽ ባለፈው ክረምት በአጭር ሕመም ስታርፍ ለትርሲት የተረፈው አንድ ካርቶን ነበር፤ ውስጡ የውሃ ቀለም፣ ብሩሽና ከነጠላ ጫማ ሶል ተቀርጸው እንጨት ላይ የተለጠፉ ማኅተሞች። ወሰንየለሽ ከጓደኛዋ ከመሲ ጋር መሐል ሜዳ ከተማ የጓሳ ሳርና አሮጌ ደብተር ቀቅለው ወረቀት ይሠሩ፣ በማኅተም አስጊጠው የሠርግና የልደት ካርድ ይሸጡ ነበር።

"ብቻዬን አልገፋ አለኝ፤ ነይና ልመጂው" አለቻት መሲ።

ትርሲትም ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ መመላለስ ጀመረች። የምትሄደው ለካርዱ አልነበረም፤ እህቷ ትቀመጥበት የነበረው በርጩማ ላይ መቀመጥ ፈልጋ ነው።

መሲ የገብስ ዛላ የተቀረጸበትን ማኅተም አነሳች። "ቀለሙን በብሩሽ ትቀቢዋለሽ። ቶሎ ስለሚደርቅ፣ ከማተምሽ በፊት አፍሽን አስጠግተሽ ትንፋሽ ትሰጪዋለሽ። ወሰኔ እንዲህ ነበር የምታደርገው።"

ትርሲት ተነፈሰችበት፣ ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው፣ ቀስ ብላ አነሳችው። የገብሱ ዛላ ወጣ። ከአገዳው አጠገብ ግን የአውራ ጣት አሻራ አብሮ ወጥቷል።

"እኔ አልነካሁትም" አለች።

መሲ ማኅተሙን ገልብጣ አየችው። "ኮላ ነው። ወሰኔ ስትለጥፈው ኮላ በነካው እጇ ይዛው ደርቆ ቀርቷል። በሳሙና ይለቃል።"

"እንዳትነኪው።"

ከዚያ ወዲያ ትርሲት ሌላ ማኅተም አላነሳችም። ትንፋሿን በሰጠችው ቁጥር እህቷ ከጎኗ የተቀመጠች ይመስላታል፤ ዘወር ብላ ለማየት ግን አትደፍርም። ኮላ ውሃ እንደማይችል ልብ ያለችው ዘግይታ ነው። የአሻራው መስመሮች ሳስተው ሊጠፉ ሲደርሱ ማኅተሙን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ እናቷ ቤት ይዛው ሄደች።

እናቷ ወይዘሮ አስካለ ማርያም ከአርባው ወዲህ የወሰንየለሽን ስም አንስተው አያውቁም። ነገሩን ሲሰሙ ግን "አትሚልኝና እኔም ልየው" አሉ።

"እማዬ፣ ያልቃል እኮ።"

"ይለቅ።"

ትርሲት ቀባች፤ ተነፈሰችበት፤ አተመች። ወረቀቱ ላይ የወጣው የገብሱ ዛላ ብቻ ነው። አንገቷን ደፋች።

እናቷ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስደው አተኩረው አዩት። ከዚያ ባዶውን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱት።

"የእሷ ነው" አሉ። "ልጅ ሳለች ማጭድ የቆረጣት እንኳ ይታያል።"

ትርሲት አየች። ምንም አልነበረም። "አዎ፣ እማዬ" አለች።

አሁን እናቷ ስሟን ይጠራሉ። ጓዳ ያለ ሰው እንደሚጠሩ "ወሰንየለሽ" ይሉና መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ይላሉ። ትርሲትም የያዘችውን ትታ አብራቸው ታዳምጣለች።