መርማሪ ሁኚ ያለችኝ እናቴ

ከዲላ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው፣ ዝናብ እየዘነበ። ዲላን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ዝናብ ካልዘነበ ሰው የተሸኘ አይመስለውም። እናቴ መናኸሪያ ድረስ አልመጣችም። በራችን ላይ ቆማ ነጠላዋን እስከ አገጯ ጠቅልላ፣ «ሂጂ እንግዲህ፣ ዞር ብለሽ እንዳታዪኝ» አለችኝ። ዞር ብዬ አየኋት፤ መቼም የእናት ትእዛዝ ሁሉ አይከበርም። እሷ ግን ገብታ በሩን ዘግታ ነበር።

ለምን እንደወጣሁ የሰፈሬ ሰው ያውቃል፤ ለማያውቀው ባጭሩ ልንገረው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሠራበት የጨርቃጨርቅ ሱቅ በአንድ የግርግር ቀን ተቃጠለ። ፖሊስ መጣ፣ ጻፈ፣ ሄደ። ማን እንዳቃጠለው አልታወቀም ተባለ። አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም፤ ከአልጋ ዋለና በዚያው ሄደ። ቀብሩ ገና ሳይደርቅ «ቀጥሎ ቤታቸው ነው» የሚል ወሬ በሰው በሰው ይደርሰን ጀመር። እናቴ የጆሮ ጌጧን ሸጠችና መንገዴን አሰናዳች። «ተማሪ። መርማሪ ሁኚ። አባትሽን ማን እንደገደለብን አንቺ ታወጪዋለሽ» አለችኝ። እሳቱ ነው የገደለው ብላ ነው የምታምነው፤ እኔም አምናለሁ። እሺ ብያት ወጣሁ።

ስደት ስትሉ ባሕርና በረሃ ይመጣባችሁ ይሆናል። የእኔ ስደት በጭነት መኪና እስከ ሞያሌ፣ ከዚያ በእግር ነው። ከኢትዮጵያው ሞያሌ ተነስቼ የኬንያው ሞያሌ ስገባ ጫማዬ እንኳ በወጉ አቧራ አልያዘም። አቧራውን ከተማው ኋላ ነው ያለበሰኝ።

መሻገሪያው ላይ ያገኘሁት ሹም ጢሙን በጥንቃቄ የተላጨ፣ አማርኛ የሚሞክር ሰው ነበር።

«ስንት ቀን ትቆያለሽ?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ለማያውቅ ሰው የሚሆን ቦታ እዚህ ወረቀት ላይ የለም።»

«ለሚፈራ ሰውስ?» አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ድካሙ ነው የተናገረው።

ቀና ብሎ አየኝ። «እሱ ሌላ ቢሮ ነው» አለ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ፖሌ፣ ዳዳ» አለኝና በወተት የፈላ ሻይ አስመጣልኝ። ፖሌ አይዞሽ፣ ዳዳ እህቴ እንደማለት መሆኑን በኋላ ነው የተማርኩት። ያ ሻይ እስከ ዛሬ ውለታው አለብኝ። የስደተኛነት መታወቂያዬ ግን በብዙ ደጅ ጥናት ነው የወጣው። ሲሰጡኝም አስጠነቀቁኝ፦ ወደ አገርሽ ከተመለስሽ ይሰረዛል። አገሬ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ይታየኛል።

የመጀመሪያ ሰሞን ያስጠጉኝ እትዬ ዘነበች ናቸው። እሳቸውም ድሮ ስደተኛ ሆነው መጥተው፣ ዛሬ ልባሽ ጨርቅ የሚሸጡ የገበያው እመቤት ሆነዋል። ከእሳቸው ቤት ወጥቼ ክፍል የተከራየሁት ከሙዜ ጉዮ ነው። ሙዜ የሚባለው ሽማግሌ ሰው ነው፤ ሙዜ ጉዮ ግን ሽማግሌም፣ ዳኛም፣ ቀልደኛም ነበሩ።

«ሐበሻ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ሐበሻ አንድ ሆኖ ይገባል፣ ስድስት ሆኖ ይገኛል።»

«እኔ ብቻዬን ነኝ ሙዜ።»

«ሁሉም እንዲያ ይላል። ቧንቧ አለሽ፣ ሻወር አለሽ።»

«ውሃውስ?»

«ውሃውም እንዳንቺ ነው፤ ፈቃድ እስኪሰጠው ይጠብቃል።»

ኡጋሊ የሚሉት የበቆሎ ዱቄት ምግብ መጀመሪያ የቀረበልኝ እሳቸው ቤት ነው። ገንፎ መስሎኝ ቅቤው እስኪመጣ ጠበቅኩ። ቅቤው እስካሁን አልመጣም፤ እኔ ግን ለመድኩት፣ እንዲያውም ካልበላሁት የጠገብኩ አይመስለኝም። ነፋሱንም ለመድኩት፤ አፈር ነው የሚነፍሰው። የዲላን አረንጓዴ ግን ዓይኔ አልረሳውም፤ አንዳንዴ ስንት ዘመን እንሰት ሳላይ እንደኖርኩ ትዝ ይለኛል። ደስ ያለኝን ልንገራችሁ? ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ እዚህም ሁለት ነው። በባዕድ አገር ቢያንስ ሰዓቱ ዘመዴ ሆነልኝ።

ትምህርቱን የጀመርኩት በርቀት ነው፤ ለፈተና ማርሳቢት እወርዳለሁ። የወንጀል ፍትሕ ዲግሪ እማራለሁ ብዬ ለሙዜ ጉዮ ስነግራቸው፣ «ወንጀል ለመማር ድንበር ማቋረጥ ምን አስፈለገ? እዚያም ሞልቷል» አሉኝ። ሲስቁ ሁለቱ ጥርሶቻቸው ብቻ ይታያሉ። ግን ለፈተና ስሄድ ሎሪ ለምነው የሚያስጭኑኝ፣ ስመለስም ወተት በጆግ የሚያስቀምጡልኝ እሳቸው ናቸው።

ሦስተኛው ዓመት ሲያልቅ ዘርፍ ምረጡ ተባልን። ምርመራ አለ፣ የፎረንሲክ ሥራ አለ፣ የእስር ቤት አስተዳደር አለ፣ ፕሮቤሽን አለ። አብረውኝ የሚማሩት ፖሊሶች ሁሉ ምርመራ አሉ። እኔም ምርጫ የሚያስፈልገኝ አልመሰለኝም፤ የእኔ ዘርፍ በእናቴ በር ላይ የተመረጠ ነው። ለልምምድ ግን የተመደብኩት ፕሮቤሽን ቢሮ ሆነ። ሌላ ቦታ ሞልቶ ነው የደረሰኝ። ቅር ብሎኝ ነበር የሄድኩት።

ፕሮቤሽን ማለት ጥፋተኛው እስር ቤት ከመግባት ይልቅ ከቤቱ ሆኖ፣ ተቆጣጣሪ ተመድቦለት እንዲታረም ማድረግ ነው። ለዚህም ዳኛው ከመፍረዱ በፊት አንድ ሰው መንደሩ ድረስ ሄዶ፣ ይህ ሰው የማን ልጅ ነው፣ ምን ዓይነት ሰው ነው ብሎ ይጠይቃል። አለቃዬ ማዳም ጆይስ ትባላለች፤ የሜሩ ሰው ናት፣ የአካባቢው ሰው የሚናገረውን ኦሮምኛ አትችልም። እኔ ደግሞ ከጉጂ ጎረቤቶቻችን የለቀምኳት ኦሮምኛ አለችኝ። አንድ ቀን ሊበን የሚባል ወጣት የሰው ፍየሎች ሞያሌ ገበያ ላይ ሸጦ ተያዘና፣ ወደ ቤተሰቡ መንደር ወደ ጎልቦ ሄድን። «ዛሬ አንቺ ጠይቂ፤ እኔ እጽፋለሁ» አለችኝ ማዳም ጆይስ። ኩራቴን ባያችሁት!

የሊበን አባት አባ ወርዮ ጥላ ሥር አስቀመጡን። እናቱ አዮ ጡሜ የግመል ወተት ያለበት ሻይ አቀረቡልን። ሰላምታው ረዘመ፤ ቤቱ፣ ሰዉ፣ ዝናቡ ሁሉ ተጠየቀ። ጥግ ላይ የተቀመጠ ዝምተኛ ሰውም አብሮን ይጠጣል፤ አጎት ይሆናል አልኩ። የቤተሰቡን ኑሮ መጠየቅ ነበረብኝና ቀጥ ብዬ፣ «አባ፣ ስንት ግመል አላችሁ? ፍየልስ?» አልኩ።

ጨዋታው ቆመ። አባ ወርዮ ኩባያቸውን መሬት ላይ አኖሩ፣ ዱላቸውን አነሱ፣ ወጥተው ሄዱ።

«ልጄ፣ ምነው?» አሉኝ አዮ ጡሜ። «አንድ ልጅ ታስሮብናል። የቀረንን ደግሞ አንቺ ልትጨርሺው ነው?»

«ምን አጠፋሁ እናቴ?»

«ከብት አይቆጠርም! ቆጥረው የጠሩት ያልቃል።»

እኔ የእንሰት አገር ልጅ፣ ይህን በየት ልወቀው? «ታዲያ ምን ብዬ ልጠይቅ?» አልኳቸው።

«ወተት አለ ወይ በይ። ከነገርንሽ ይበቃሻል» አሉኝ።

ተነስቼ አባትየውን ተከተልኩ። አባ ወርዮ ከበረቱ አጥር አጠገብ ቆመዋል። ወደ ግመሎቹ ላለማየት መሬት መሬቱን እያየሁ፣ ጉጂዎቹ ሲመርቁ የሰማሁትን «ሆራ ቡላ» አልኩ። እርቡ፣ ተባዙ፣ ኑሩ እንደማለት ነው።

ወደ እኔ ዞሩ። «ይህን ያስተማሩሽ ጉጂዎች ናቸው?»

«አዎ አባ።»

«ክፉ አላስተማሩሽም። ጨርሰው አላስተማሩሽም እንጂ» አሉና ሳቁ። አብረን ተመለስን፤ እግዜር ይስጣቸው።

ከዚያ በኋላ ስለ ሊበን ሁሉም ተናገረ። ከሁሉ አብልጦ የተናገረለት ግን ያ ጥግ የተቀመጠው ሰው ነው። ልጁ ሰነፍ አይደለም አለ፣ ከተማ ያሳተው ነው አለ፣ ለመጠጥ ነው የሸጠው ብሎ ደግሞ ገሠጸ። «አንተስ ለሊበን ምኑ ነህ?» አልኩት።

«እኔ? እኔ ቦሩ ነኝ። የፍየሎቹ ባለቤት።»

ለማዳም ጆይስ ስተረጉምላት መጻፏን አቆመች። «እዚህ ምን እየሠራ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አለች።

«ሻይ እየጠጣሁ» አለ ቦሩ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ንዴቴ አልወጣም፤ እንዳይመስላችሁ። ግን እሱ ቢታሰር መንግሥት ያበላዋል፣ እኔ ፍየሌን አላገኝ፣ እሷ ልጇን አታገኝ። ሽማግሌዎች ተነጋግረዋል። ጎሳው ፍየሌን ይመልሳል። እሱ ደግሞ ከብቴን ይጠብቅ፣ ዓይኔ እያየው። ይህን ጻፉልኝ።»

ጻፍንለት። ዳኛዋም ተቀበለችው፤ ሊበን በማዳም ጆይስ ተቆጣጣሪነት ቦሩ ዘንድ እረኛ ሆነ። በሚቀጥለው ሳምንት ዘርፌን ሳስመዘግብ ፕሮቤሽን አልኩ። ከባዱ ለእናቴ መንገሩ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እሑድ፣ ደወልኩላት።

«መረጥሽ?» አለችኝ ገና ሰላም ሳልላት።

«መረጥኩ እማዬ።»

«ምርመራውን?»

«አይደለም።» ነገርኳት። ስለ ፕሮቤሽን፣ ስለ ሊበን፣ ስለ ቦሩ ሁሉንም አንድ በአንድ አወራሁላት።

«እንግዲህ የእኔ ልጅ የሌባ ሞግዚት ልትሆን ነው» አለች።

«እማዬ፣ ቦሩ እኮ ራሱ…»

«ቦሩ የጠፋበት ፍየል ነው። እኔ የጠፋብኝ ባል ነው።»

እውነቷን ነው። አለቀስኩ፤ እየሰማችኝ ስልኩን አልዘጋችም። በስተኋላዋ ዶሮ ይጮኻል፣ የጎረቤት ልጆች ይሯሯጣሉ፤ የሰፈሬ ድምፅ ነው። «ቆይ፣ ሰው ቤት ሄደሽ የምትጠይቂው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ያጠፋው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደነካው። የተበደለውንም እጠይቃለሁ። ምን እንደሚያውቅ፣ ምን ቢደረግለት እንደሚሻለው።»

«እኔን እኮ ማንም አልጠየቀኝም» አለች።

«ፖሊስ መጥቶ አልነበር?»

«የጨርቁን ዋጋ ጠየቁኝ። የንግድ ፈቃዱን ጠየቁኝ። ምን ያህል ጣቃ እንደተቃጠለ ጠየቁኝ። ከዚያ ሄዱ።» ከዚያ ቀጠለች። «ልጁን አውቀዋለሁ።»

«የቱን ልጅ?»

«ያቃጠለውን ነዋ። በደጄ ሲያልፍ ሰላም ይለኛል። እኔም ሰላም እለዋለሁ።»

ስንት ዓመት! «ለምን አልነገርሽኝም እማዬ?»

«ከእናቱ ጋር አንድ ዕድር ነን። ከእኔ አፍ እንዳይወጣ ነበር፣ አንቺ መርምረሽ እንድታወጪው የፈለግሁት።»

«ማነው?»

«በስልክ አይሆንም» አለች። «መጥተሽ፣ አጠገቤ ተቀምጠሽ ጠይቂኝ።»

«እመጣለሁ» አልኳት። ከተመለስኩ መታወቂያዬ እንደሚሰረዝ ታውቃለች፤ መቼ ብላ አልጠየቀችኝም።