ጆሮ ላይ የተለካ ግፊት

ገርጂ ባለች ክሊኒክ በነርስነት ሥራ የጀመርኩ ቀን የመጀመሪያው ታካሚዬ የደም ግፊቱን ልለካ ስል ኮቴን አላወልቅም አለ። አለቃዬ ሲስተር አልማዝ ብቅ አለችና፣ «ችግር የለም፤ የኮትዎን ግፊት እንለካለን፤ መድኃኒቱንም እሱ ይዋጠው» አለችው። ኮቱ ወዲያው ወለቀ።

ደንቧ አጭር ነበር፦ ክንድ ባዶ፣ እጅ በልብ ትክክል፣ አፍ ዝም። ለገርጂ ሰው የመጨረሻው ይከብዳል።

ከዓመታት በኋላ ክፍሉን እኔ ስረከብ ጋሽ ሰይድ መጡ። የቤት ደላላ ናቸው። ከጎሮ እስከ ሲኤምሲ ያላሻሻጡት ቤት የለም፤ ስልኩም ከጆሯቸው አይወርድም። ታላቅ ወንድማቸውን ግፊት ጥሎት ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎታል። እሳቸው ግን መድኃኒታቸውን አቁመው ነበር።

ክንዳቸው ላይ ስለካ የላይኛው ቁጥር መቶ ስልሳ አምስት ሆነ።

«ውሸት!» አሉና የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር መለኪያ ከኪሳቸው አወጡ። «ልጄ ከዱባይ ያመጣልኝ ነው። ይሄ መቶ አርባ ነው የሚለኝ።»

«ትክክሉ የክንድዎ ነው።»

«እንግዲያው ሲስተር፣ አንቺም ትንሽ ቀንሺ፣ እኔም ልጨምር፤ መቶ ሃምሳ ላይ እንጨርስ።»

ግፊት በድለላ ሲወርድ ያየሁት ያን ቀን ነው። አብረዋቸው የመጡት ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሃራ ግን አልሳቁም። «ወንድሙን የማጎርሰው እኔ ነኝ። ደግሞ እሱንም ላጎርስ ነው?» አሉኝ።

«ጋሽ ሰይድ፣ እቤት እንዴት እንደሚለኩ ያሳዩኝ» አልኩ።

መለኪያውን ቀኝ አንጓቸው ላይ አስረው ቁልፉን ተጫኑ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ቀኝ እጃቸው መለኪያውን እንዳሰረ ጆሯቸው ድረስ ወጣ። «ሲኤምሲ? አለ! ባለ ሦስት መኝታ!»

መለኪያው መቶ አርባ አለ።

«ይኸው!» አሉኝ በድል።

«ሁሌም እንዲህ ነው የሚለካው» አሉ ወይዘሮ ዘሃራ።

አንጓ ከልብ በላይ ከወጣ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ከልብ በታች ከሆነ ይጨምራል። ስልኩን ተቀብዬ ለባለቤታቸው ሰጠሁ፤ የጋሽ ሰይድን እጅ ትራስ ላይ በደረታቸው ትክክል አሳረፍኩና ዝም እንዲሉ አደረግኩ። ዝምታው ከመድኃኒቱ በላይ መረራቸው።

እንደገና ሲለካ የዱባዩ መለኪያ መቶ ስልሳ ሦስት አለ።

ጋሽ ሰይድ ገልብጠው አዩት። «የገዛ ዕቃዬ ከዳኝ» አሉ። ሐኪማችንም መድኃኒቱን ዛሬውኑ ይጀምሩ አለ። ወይዘሮ ዘሃራ ኪኒኑን ከቦርሳቸው አውጥተው በባላቸው መዳፍ ላይ አኖሩት።

«ግማሹን ብቻ…» ብለው ጀመሩ ጋሽ ሰይድ።

«ቅናሽ የለም» አሉ ወይዘሮ ዘሃራ።

ግፊት የሚለካው በባዶ ክንድ ነው። አንጓ ላይ የምትለኩ ደግሞ አንጓችሁን በልብ ትክክል አሳርፉ፤ ስልኩንም ለሌላ ሰው ስጡ።