ለሁለት የተከፈለው የትርሲት ፓስወርድ

ትርሲት ማለት ንፋስ መውጫ ጤና ጣቢያ ውስጥ የካርድ መፈለጊያ ፕሮግራም የምትሠራዋ ልጅ ናት። በሽተኛው ስሙን ሲናገር ካርዱ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ኮምፒውተሩ ያሳያል፣ በቃ! የተቀጠረችው ግን በኮንትራት ነው። ሰኞ ከዞን የሚመጡት ሰዎች ፊት ካልሠራ፣ ወደ ቤቷ ናት።

አስቸጋሪው የአድሚን ፓስወርድ ነው። ያለሱ ኮምፒውተሩ ላይ ምንም አይጫንም፣ እሷ ደግሞ የላትም። የአይቲው ኃላፊ ጋሽ ፍሥሐ የገበዝ ልጅ ናቸው። አባታቸው ንብረት የሚጠብቁበት ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤቱ በሁለት ቁልፍ ነው የሚዘጋው፤ አንዱ ገበዙ ጋ፣ አንዱ ሌላ ሰው ጋ። እሳቸውም ፓስወርዱን እንደዚያው ለሁለት ከፈሉት። ግማሹን ራሳቸው ያዙ፣ ግማሹን የንብረት ክፍሉ ጋሽ ሞላ። ትርሲት የሆነ ነገር ልትጭን ስትል ሁለቱም ይመጣሉ፣ «ዞር በይ» ትባላለች፣ በየተራ ይጽፋሉ።

«ጋሼ፣ ግድግዳ ሳይ ልውል ነው እንዴ?»

«ካንቺ በፊት የነበረው ልጅ ጌም ጭኖ፣ ቫይረስ አስገብቶ፣ ያለውን ሁሉ አጠፋው። ግድግዳው ምን አደረገሽ?»

ዓርብ ዕለት ፕሮግራሙ አልነሳም አለ። የሚጫንለት ነገር አለ፤ ጋሽ ሞላ ግን ወገዳ የምትባል ገጠር ለቅሶ ሄደዋል፣ ስልካቸው አይሠራም።

«በፍላሽ ሰብሬ መግባት እችላለሁ» አለች ትርሲት።

«ትችያለሽ?»

«ድሮም እችል ነበር እኮ።»

ጋሽ ፍሥሐ «አይሆንም» አሉ።

ቅዳሜ ጋሽ ሞላ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥተው ደወሉ። ጋሽ ፍሥሐ የራሳቸውን ግማሽ ጻፉ። ሌላውን ግን ማን ይስማ? እሳቸውም ትርሲትም መስማት የለባቸውም። የካርድ ክፍሏ አበራሽ ተጠርታ ስልኩን ይዛ ለመጻፍ ተቀመጠች፣ ሁለቱ ወደ ግድግዳ ዞሩ። ስልኩ ይቆራረጣል፣ ጋሽ ሞላ ይጮኻሉ።

«ትልቁ ኤም! ትልቁ!»

«ትንሹ ነው ያሉኝ?»

«ትልቁ ነው የሚሉሽ!» አለ ከጋሽ ሞላ ጎን የቆመ ለቅሶኛ።

ተጫነ። ሰኞ ፕሮግራሙ ሠራ፣ ኮንትራቱም ታደሰ። በማግስቱ ጋሽ ፍሥሐ ሌላ ኮምፒውተር ይዘው መጡ።

«ወገዳ ሁሉ የሰማው ቁልፍ ቁልፍ አይደለም፣ እቀይረዋለሁ። የካርዱን ኮምፒውተር አትነኪም፤ የምትሠሪበት ግን ይኸው፣ በዚህ አንቺው አድሚን ነሽ።»

ትርሲት ከፈተችው።

«ጋሼ፣ ፓስወርድ ላወጣለት ነው። ዞር ይበሉ።»

ዞር አሉ።