ወረቀት ፀሐይ ይወዳል

ኑርሁሴን ደሴ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ደብተርና መጽሐፍ ሲሸጥ አንድ ጠላት ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ እርጥበት። ክረምት ገብቶ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ሰተት ብሎ ሱቅ ይገባል፤ ከገባ ደግሞ ውጣ ቢሉት አይሰማም። ደብተሩ ይለሰልሳል፣ የመጽሐፉ ጀርባ ይሻግታል። ስለዚህ ሰማዩ ገለጥ ባለ ቁጥር ኑርሁሴን መጽሐፎቹን እንደ በርበሬ ደጅ ላይ ያሰጣቸዋል። ጎረቤቶቹ "ዛሬ ደግሞ ምን ልታስፈጭ ነው?" እያሉ ይቀልዱበታል። መልሱ አንድ ነው፤ "ወረቀት ፀሐይ ይወዳል።" አባቱም ሲሉ የኖሩት ይህንኑ ነበር።

እንግዲህ ኮምቦልቻ ሲወርድም ይህችን ቃል ይዟት ወረደ።

የወረደው ወዶ አይደለም። ሱሀይላ የምትባል አንድ ልጅ ነበረችው፤ ልቧን ታመመች። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ በሚኒባስ የሐረጎን ተራራ ቁልቁል እየወረዱ ኮምቦልቻ ሐኪም ዘንድ ተመላለሱ። የሐረጎ ጥምዝምዝ እንኳን በሽተኛውን ጤነኛውንም ያስመልሳል። በየመታጠፊያው "ደከመሽ እንዴ?" ይላታል። "አልደከመኝም አባ።" ሌላ ሐኪም አለ ሲሉት እዚያ፣ ዱዓቸው የሚደርስ ሸህ አሉ ሲሉት ቢስቲማ ድረስ ይዟት ይሄዳል። "ደከመሽ?" "አልደከመኝም።" አልደከመኝም እንዳለች በሃያ ዓመቷ፣ ኢድ በዋለ በሳምንቱ ሞተች። አላህ ይዘንላት።

አልጋ ላይ በዋለችባቸው ቀናት ከአባቷ ሱቅ ወረቀትና ማርከር እያስመጣች ስምንት የስዕል መጽሐፍ ሠርታ ነበር። ልጆች ኮሚክስ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ታሪኩ በስዕል ይሄዳል፣ ሰዎቹ የሚናገሩት ከአፋቸው አጠገብ በተሳለ ክብ ውስጥ ይጻፋል። ታሪኩ የአንዲት ባጃጅ ነው። ባጃጇ ሐረጎ አፋፍ ላይ ስትደርስ መጠማዘዙ ይሰለቻትና ክንፍ አውጥታ ቀጥ ብላ ኮምቦልቻ ታርፋለች። ሾፌሩ ጺሙ የተንጨባረረ፣ ኮፍያው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ሰውዬ ነው፤ ኑርሁሴን ራሱ ማለት ነው። ተሳፋሪዋ አንዲት ቀጭን ልጅ ናት። ክቦቹን በቢጫ ሞልታ፣ ንግግሩን በደማቅ ቀይ ጽፋበታለች። ሌላ ቅጂ የለውም። ከዚያች ልጅ በዱንያ ላይ የቀረው ይኸው ስምንት ጥራዝ ነው።

ከሐዘኑ በኋላ የሚስቱ የዘይቱና ደረት የደሴን ብርድ እምቢ አለ፤ ሐኪሙም ቆላ ውረዱ አላቸው። ኑርሁሴን ኮምቦልቻ ላይ ከጀርባው መኖሪያ ክፍል ያለው፣ የፊት መስኮቱ ሰፊ መስታወት የሆነ ሱቅ ተከራየ። አከራዩ ቅን ሰው ነበሩ። "ይህ ቤት ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ አያስቀምጥህም፣ እወቀው" አሉት። ኑርሁሴን ሊስቅባቸው ምንም አልቀረው። ፀሐይ አለው ተብሎ የሚታማ ቤት ደሴ ላይ የት ተገኝቶ!

ጥቅምት ላይ ስምንቱንም መጽሐፎች ገልጦ፣ በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ሰቅሎ፣ ፊታቸውን ወደ መንገድ አድርጎ መስታወቱ ሥር ደረደራቸው። ሁለት ነገር አስቦ ነው። አንድ፣ ሻጋታ እንዳይነካቸው። ሁለት፣ ልጄን ሰው ይይልኝ ብሎ። ሰዉም አየለት። የባጃጅ ሾፌሮች እየቆሙ ይስቃሉ፣ "ጋሼ፣ ይቺ ባለ ክንፏ የት ነው የምትሸጠው?" ይሉታል። እሱ ከውስጥ ተቀምጦ የመጽሐፎቹን ጀርባ እያየ ሳቃቸውን ይሰማል። ያን ሳቅ ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ወዲያው ደግሞ ሆዱ ይባባል።

ታኅሣሥ ላይ የምስራች የምትባል አስተማሪ ጠመኔ ልትገዛ መጥታ መስኮቱ ጋ ቆመች።

"ጋሽ ኑርሁሴን፣ ቀለሙ እየለቀቀ ነው። ፀሐዩ እየበላብዎት ነው። መጋረጃ ቢጤ ያድርጉለት፤ አለዚያ ኮፒ አስነስተው ኮፒውን ይስቀሉ።"

"አብሽሪ" አላት። "አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ወረቀት ሳሰጣ ነው የኖርኩት። ደግሞስ ዕቃውን ሸፍኖ የሚሸጥ ነጋዴ የት አየሽ?"

"እነዚህ እኮ አይሸጡም።"

"አይሸጡማ" አለና ጠመኔውን ጠቀለለላት።

ወጥቶ አላየም። ሃያ ስድስት ዓመት ያወቀውን ነገር ምን ሊያይ ይወጣል? የደሴን ፀሐይ እንጂ የኮምቦልቻን ፀሐይ ገና አላወቃትም ነበር፤ ችግሩ ይኸው ነው።

ሚያዝያ ላይ አንድ የባጃጅ ሾፌር አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ "ጋሼ፣ ያ የሰቀሉት ነጭ ወረቀት ስንት ነው?" አለው።

ኑርሁሴን "ምን ነጭ ወረቀት?" እያለ ወጣ። መንገዱ ላይ ቆሞ መስታወቱን አየ። ቀዩ የለም። ቢጫው የለም። ሰማያዊው አመድ መስሏል። ባጃጇ ያለ ክንፍ ቀርታለች፣ የሾፌሩ ኮፍያ በነበረበት ባዶ ወረቀት ነው። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። የቀበራት ልጁን በገዛ እጁ እንደገና ያጠፋት መሰለው።

ብድግ ብሎ አንድ በአንድ ያወርዳቸው ጀመር። ስምንተኛው በመጨረሻው ገጽ ላይ እንደተገለጠ ነበር። ገጹን በቃሉ ያውቀዋል፤ ሾፌሩ "ደከመሽ እንዴ?" ይላል፣ ልጅቷ "አልደከመኝም አባ፣ ንዳው!" ትላለች። አሁን ያ ቀይ ጽሑፍ ጠፍቶ፣ ከሥሩ በላጲስ በግማሽ የተፋቀ የእርሳስ ጽሑፍ ብቅ ብሏል። ቀለሙ ሲሄድ እርሳሱ አልሄደም። አስጠግቶ አነበበው።

"ደክሞኛል አባ። እንመለስ።"

ሱቁን ዘግቶ ወደ ኋላ ክፍል ገባ። ዘይቱና ልጇ ከሞተች ወዲህ እነዚያን መጽሐፎች ዐይኗ አይቷቸው አያውቅም። ገጹን ሲዘረጋላት አነበበችው። አልደነገጠችም።

"ታውቂ ነበር?" አላት።

"አንተ ሱቅ ስትሄድ ለእኔ ትነግረኝ ነበር። 'እኔ ደከመኝ ካልኩ አባ ነው የሚሞተው' ብላ፣ እንዳልነግርህ ወላሂ አስብላኝ ነው።"

"እኔ እኮ ትድናለች ብዬ ነው ዘይቱና።"

"አውቃለሁ። እሷም ታውቅ ነበር" አለችና እጁን ያዘችው። ሁለቱም አለቀሱ፤ አብረው ሲያለቅሱ ከቀብሯ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በማግስቱ መስኮቱ ላይ ወፍራም ጥቁር መጋረጃ ተሰቀለ። የምስራች ሰምታ መጣች። ነግሬዎት ነበር አላለችም፤ ጨዋ ልጅ ናት። የቀረውን እያንዳንዱን ገጽ ኮፒ አስነሳችለት፣ ዋናዎቹን በንጹሕ ወረቀት እየጠቀለለች ብርሃን የማይገባው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠች። ስምንተኛው ላይ ስትደርስ ከመደርደሪያው ቀይ ማርከር አነሳች።

"የነበረውን ቃል ያስታውሱታል አይደል? ቀስ ብዬ በላዩ ልጻፍልዎት?"

ኑርሁሴን ማርከሩን ከእጇ ወስዶ ክዳኑን መልሶ ገጠመው።

"ተይው ልጄ" አላት። "ሁለት ዓመት ስጠይቃት ኖሬ ገና አሁን መለሰችልኝ። ደግሜ አፏን አልይዝባትም።"